የጋራዥ ጥያቄዎች፦ ጣሪያው ከመቆረጡ በፊት

በዚህ ወር ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ተሰብስበዋል፦ በጋራዥ ውስጥ በእጅ የሚሠራ የስፖርት መኪና አካል፣ በተለይ ደግሞ የጣሪያው አጽም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ሌላ ካልተባለ በስተቀር የብረት ልኬት ሁሉ በሚሊ ሜትር ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። ጣሪያውን አንስቼ ሁለት በር ስፖርት ላደርገው አስቤ ሁለት ባቲላሜራ አማከርኩ። አንዱ «ጣሪያ ክብደት ነው እንጂ ምንም አይሸከምም፣ ቁረጠው» አለኝ። ሌላው መኪናው ከመሃል ይታጠፋል ብሎ አስፈራራኝ። ማንን ልስማ? (አውቶ ፓርኮ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ሁለተኛውን። ኮሮላ እንደ ፒክአፕ ወይም እንደ ላንድክሩዘር ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም። ወለሉ፣ የበር ደፉ፣ ምሰሶዎቹና ጣሪያው ተበይደው አንድ ሣጥን ሆነዋል፤ ሸክሙን የሚችለው ሣጥኑ ነው። ጣሪያው ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ችግር መታጠፍ ሳይሆን መጠማዘዝ ነው። አንዱ የፊት ጎማ ጉድጓድ ሲገባ አካሉ እንደ ጨርቅ ይጨመቃል፣ የፊት መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ በሮቹ በራሳቸው ይከፈታሉ ወይም ጭራሽ አይከፈቱም።

ለማመን ከከበደዎ 1 ሜትር ርዝመት ያለው 40 በ40 በ2 ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት፤ ጎኖቹ 40፣ የግድግዳው ውፍረት 2) ሞርሳ ላይ አስረው ጫፉን በትልቅ ቁልፍ ለማጠማዘዝ ይሞክሩ። በዓይን የሚታይ ነገር አይኖርም። ከዚያ አንዱን ጎኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በግራይንደር ይሰንጥቁትና እንደገና ይሞክሩ። ከብረቱ የጎደለው የአንድ ዲስክ ውፍረት ብቻ ነው፤ መጠማዘዝን የመቋቋም አቅሙ ግን በስሌት ከ250 እጅ በላይ ይወርዳል፣ በእጅዎ ያጣምሙታል። የተዘጋ ቅርጽና የተከፈተ ቅርጽ ልዩነታቸው ይህን ያህል ነው። ጣሪያው የተቆረጠ ኮሮላም የተሰነጠቀው ቱቦላሬ ዕጣ ነው የሚደርሰው።

አሁንም ልቁረጥ ካሉ ትልቁ ነገር የሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ ጣሪያው የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ባትሪው ይነሳ፣ የነዳጅ ሰልባትዮው ይውረድ፣ ምንጣፉና ወንበሩ ይውጣ። መኪናውን በአራት ቦታ ደግፈው በውሃ ልክ ያስተካክሉ። ድጋፉ ጎማዎቹ አጠገብ ይሁን፤ መሃሉን ደግፈው ጫፎቹን ካንጠለጠሉ ጠማማውን ቅርጽ እንዳለ በየዱት ማለት ነው። ከዚያ በእያንዳንዱ የበር ክፍተት ላይ ከማጠፊያው ምሰሶ እስከ መቆለፊያው ምሰሶ 25 በ25 ቱቦላሬ በመስቀል ቅርጽ ለጊዜው ይበይዱ። ከግራ ምሰሶ ወደ ቀኝ ምሰሶም አንድ አግድም ይጨምሩ። የበሩን ሁለት ሰያፍና የወለሉን ሁለት ሰያፍ (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ) በሜትር ለክተው ቁጥሩን ዳሽቦርዱ ላይ በማርከር ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ የብየዳ ቀን በኋላ ተመልሰው የሚያነጻጽሩት እሱን ነው። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ካለፈ ሥራው ይቁም።

ማጠናከሪያው ከደፍ ይጀምራል። የደፉን የውስጥ ሆድ ከፍተው 60 በ40 በ3 ቱቦላሬ ከፊት ምሰሶው ሥር እስከ ኋላ ጎማው ቅስት ያስገቡ። በሜትር 4.4 ኪሎ ስለሚመዝን ለሁለቱም ጎን 16 ኪሎ ገደማ ይወጣል። ደፉ በዝገት ተበልቶ ከሆነ ቱቦላሬውን ዝገት ላይ መበየድ ዋጋ የለውም፤ ጤነኛ ላሜራ እስኪገኝ ተቆርጦ ይተካ። ቀጥሎ ከፊት ወንበሮቹ ሥር አንድ አግድም፣ ከኋላቸው ደግሞ ሌላ አግድም ከግራ ደፍ ወደ ቀኝ ደፍ ይዘርጉ። ከኋለኛው አግድም ላይ የሚነሳ ቅስት ከወንበሮቹ ጀርባ ይቆማል፤ የፊት መስታወቱ ምሰሶዎችም ውስጣቸው በቱቦ ይጠናከራል። ይህ ሁሉ ተበይዶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ጣሪያው የሚወርደው። የበሩ መስቀሎች ከሁሉም በኋላ ይነሳሉ።

ፈተናው ቀላል ነው። በሮቹን ዘግተው የበሩን ክፍተት በሦስት ቦታ ይለኩ። አንዱን የፊት ጥግ በክሪክ ጎማው ከመሬት እስኪለቅ ያንሱና እንደገና ይለኩ። ክፍተቱ 1 ወይም 2 ሚሊ ቢለወጥ የሚያሠጋ አይደለም። በሩ ካልተከፈተ ወይም ከተከፈተ በኋላ አልዘጋ ካለ፣ ወደ ስቱኮና ቀለም አይሂዱ፤ ገና ብረት ይጎድለዋል።

የእኛን ምርጫ ከጠየቁን ግን ዲኤክስን ክፍት ማድረግ ለድካሙ የሚመጥን ውጤት የለውም። የጣሪያውን ሁለት ጎንና የመሃሉን አግድም አጽም ትተው በመካከላቸው ያለውን ላሜራ ብቻ በሚነሳ ክዳን ቢተኩት ነፋሱን ያገኙታል፣ ሣጥኑም ሣጥን ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ በአሮጌ ቮልስ ሻንሲ ላይ ዝቅ ያለ፣ ጣሪያ ያለው ባለ ሁለት ወንበር አካል ልሠራ ነው። ምን ያህል ቱቦላሬና ላሜራ ልግዛ? ለጥንካሬ ብዬ ባለ 1.5 ላሜራ አስቤያለሁ። ሻንሲውንም እንደ ማንክስ ላሳጥረው ወይ? (አዘዞ)

መልስ፦ የቮልስ ምርጫዎ ጥሩ ነው። አካሉ ከወለሉ ላይ በብሎን ስለሚፈታ ወለሉ፣ ሞተሩ፣ መሪውና ፍሬኑ እንዳሉ ቆመው ከላይ የፈለጉትን መሥራት ይቻላል። ፋብሪካውም ራሱ ያደረገው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው ካርማን ጊያ ሰፋ በተደረገ የቮልስ ወለል ላይ የተቀመጠ የስፖርት አካል ነበር።

ማሳጠሩን ይተዉት። ማንክስ ክፍት የአሸዋ መኪና ናት፤ እርስዎ የሚነዱት በኮብልስቶንና በቁልቁለት ነው። ከጎማ ጎማ ያለው 2400 ርዝመት ለሁለት ወንበርና ለረጅም በር የሚበቃ እንጂ የሚበዛ አይደለም። ለማሳጠር ደግሞ መሃል ለመሃል የሚያልፈው ጉብታ መቆረጥ አለበት። በውስጡ የማርሹ ዘንግ፣ የፍሪሲዮኑ፣ የነዳጅ መስጫውና የእጅ ፍሬኑ ሽቦዎች፣ የነዳጁም ቧንቧ ያልፋሉ። ነዳጅ የተረፈበት ቧንቧ አጠገብ ግራይንደር ማንሳት ጋራዥ የሚያቃጥል ነገር ነው።

ይልቅ ጉልበትዎን ዙሪያ ፍሬሙ ላይ ያውሉት። የቮልስ ወለል አካሉ ሲነሳለት ይለሰልሳል፤ በራሱ ብቻ እንዲቆም አልተሠራም። ስለዚህ የአሮጌው አካል ጠርዝ ያርፍበት በነበረው መስመር ላይ 40 በ40 በ2 ቱቦላሬ ዙሪያውን ያስኪዱ፤ ፋብሪካው በበሳው ቀዳዳ በባለ 13 ቁልፍ ብሎን (ማለትም 8 ሚሊ ውፍረት ባለው) ይሰሩት። በመሃል ጎሚኒ ይግባ። ፍሬሙን ወለሉ ላይ መበየድ ይቀናል፣ ግን ወለሉ ቀጭን ስለሆነ ብየዳው ዳር ይቀደዳል፣ በኋላም ለጥገና አይፈታም። ፊት ለፊት ከጎማው ተሸካሚ አካል ጋር፣ ከኋላ ደግሞ ሾክ አብዞርበሩ ከሚታሰርበት ማማ ጋር የሚያገናኙትን ትልልቅ ብሎኖች አይዝለሏቸው። ከመንገድ የሚመጣው ምት ወደ አካሉ የሚገባው በእነዚህ ነው።

ከዚያ በላይ ያለው አጽም 25 በ25 በ1.5 ይበቃዋል፤ በአንድ ሁኔታ፦ አራት ማዕዘን የሆነ ክፍተት ሁሉ ሰያፍ ይኑረው። ሰያፍ የሌለው አራት ማዕዘን በእጅ ሲገፋ ወደ አንድ ጎን ይተኛል፣ ብረቱን ማወፈርም አያድነውም። በሩ ያለበት ቦታ ሰያፍ ስለማይቀበል ደፉ በእሱ ምትክ ይወፍራል፤ ሁለት 40 በ40 አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው ይበይዱ።

ቱቦላሬ የሚሸጠው በ6 ሜትር ዘንግ ስለሆነ ሂሳቡ እንዲህ ይወጣል። ለዙሪያው፣ ለአግድሞቹና ለተደረበው ደፍ 3 ዘንግ 40 በ40 (በሜትር 2.4 ኪሎ፣ በጠቅላላ 43 ኪሎ)። ለላይኛው አጽም 5 ዘንግ 25 በ25 (በሜትር 1.1 ኪሎ፣ 33 ኪሎ)። ለጣሪያው ቅስቶች 2 ዘንግ ክብ ቱቦ፣ ስለ እሱ ከታች እንመለስበታለን። የአካሉ ልብስ 12 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። 1 በ2 ሜትር የሆነ ላሜራ 6 ይበቃል ይመስላል፤ ግን ሲቆረጥ የሚባክነውን ጨምረው 8 ይግዙ።

ባለ 1.5 ላሜራ ግን አይሆንም። ባለ 0.8 ላሜራ በካሬ 6.3 ኪሎ ነው፣ ባለ 1.5 ደግሞ 11.8። በ12 ካሬ ላይ ልዩነቱ 66 ኪሎ ነው፤ አንድ ሰው ሁልጊዜ ጭነው እንደሚዞሩ ያስቡት። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የ1300 ቮልስ ሞተር በፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት ቢሆን፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጡ በእጅዎ ያለው 32 ገደማ ነው። ወፍራሙ ላሜራ በመዶሻ ለመቅረጽም አስቸጋሪ ነው፤ ጥንካሬ የሚመጣው ከአጽሙ ነው።

ሌላ አንድ ነገር፦ ከመጀመሪያው ብየዳ በፊት የጋራዡ ወለል ላይ በኖራ ክር የመሃል መስመር ይምቱ። እያንዳንዱን የግራ ነጥብ በቱንቢ አውርደው ከመስመሩ ያለውን ርቀት ይለኩና ቀኙን በእሱ ልክ ያድርጉ። ዓይንን ማመን አይበጅም፤ በአንድ ጎን ብቻ ቆሞ የሚሠራ ሰው ሳይታወቀው ያንን ጎን ያሳብጠዋል።

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ለምንሠራው መኪና የጣሪያውን ቅስት ከውሃ ቧንቧ፣ አሸዋ ሞልተን በእሳት ልናጥፈው አስበናል። የፊት መስታወቱን በኋላ በልኩ እናስቆርጣለን። የምንሳሳትበት ቦታ አለ? (ማራኪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ አለ እህታችን፤ መስታወቱ ላይ እንጀምር። የመኪና የፊት መስታወት ሁለት ብርጭቆ በመሃሉ ፕላስቲክ ይዞ የተጣበቀ ነው። ጠፍጣፋ ከሆነ ከሁለቱም ፊት ተጭሮ ሊቆረጥ ይችላል። የጎበጠው ግን በጋራዥ መሣሪያ ሲቆረጥ ዳር ዳሩን ይሰነጠቃል። የጎን መስታወት ደግሞ በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ መቁረጫው ሲነካው በሙሉ ይረግፋል፤ ጨርሶ አይቆረጥም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ፦ መጀመሪያ መስታወቱን ይግዙ፣ በመስታወቱ ልክ ፍሬሙን ይሥሩ። ሲሰበር ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ገበያ ላይ ምትኩ የሚገኝ ዓይነት ይሁን፤ ቪትዝና ኮሮላ ብዙ ስላለ ይመቻል።

ፍሬሙን ሲሠሩ መስታወቱን በካርቶንና በፕላስተር ሸፍነው ከባለ 6 ቶንዲኖ (ቀጭን ክብ ብረት) የጠርዙን ቅጂ ያጥፉ፤ ብየዳው ሁሉ በቅጂው ላይ እንጂ በመስታወቱ አጠገብ አይሁን። የብየዳ ፍንጣሪ መስታወት ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ አይጠረግም። ፍሬሙ ሲያልቅ መስታወቱን ያለ ማጣበቂያ ያስቀምጡና አራቱን ጥግ ተራ በተራ በጣት ይጫኑ። ከ2 ሚሊ በላይ የሚንቀለቀል ከሆነ ፍሬሙ ጠማማ ነው፤ ማጣበቂያው ደብቆት መኪናው ሲንቀሳቀስ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ማጣበቂያው የመኪና መስታወት ዩሬታን ይሁን፣ ሲጫን 5 ሚሊ ያህል ውፍረት ይቅር። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊከን ሁለት ጥፋት አለው፦ መስታወቱን አይሸከምም፣ አሲዱም ላሜራውን ያዝገዋል።

ወደ ቧንቧው እንምጣ። የጣሪያው አጽም ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ላሜራውን መያዝ ነው፣ ለእሱ 20 በ20 ቱቦላሬም ይበቃል። ሁለተኛው መኪናው ሲገለበጥ ጭንቅላትን ማትረፍ ነው። ከወንበሩ ጀርባ ያለው ዋናው ቅስት ሁለተኛውን ስለሚሠራ የውሃ ቧንቧ አይሆንም። ዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን ለዋናው ቅስት የሚጠይቀው ስፌት የሌለው፣ በቀዝቃዛ የተሳበ የካርቦን ብረት፣ ልኩ 45 በ2.5 ወይም 50 በ2 የሆነ፣ የመሳብ ጥንካሬውም ከ350 ሜጋ ፓስካል ያላነሰ ነው፤ ለሌሎቹ ዘንጎች 38 በ2.5 ወይም 40 በ2። ቧንቧው ስፌት አለው፣ ሲታጠፍ ስፌቱ ይከፈታል። ዚንክ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ዚንኩ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፣ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ ማለት ነው። ጭሱ ማታውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ብየዳውም ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል።

ማጠፉ በማጠፊያ ማሽን፣ በቀዝቃዛው ይሁን። የመታጠፊያው ራዲየስ ከቱቦው ስፋት ቢያንስ 3 እጥፍ ይሁን፤ ለባለ 50 ቱቦ 150 ማለት ነው። ከዚህ ሲጠብ የውስጥ ጎኑ ይጨማደዳል፣ የተጨማደደ ቅስት ደግሞ ሲገለበጥ የሚታጠፈው እዚያው ላይ ነው። ቱቦላሬን በግራይንደር እየጎረዱ አጥፎ መልሶ መበየድ ለላሜራ መያዣው ቅስት ይሁን፣ ለዋናው ግን አይሞከርም። አሸዋ ሞልቶ በእሳት ማጠፍም ለላሜራ መያዣዎቹ ብቻ ነው። ሲያደርጉትም አሸዋው ምጣድ ላይ ተቆልቶ የደረቀ ይሁን፣ ጫፉንም በእንጨት ውሸልት እንጂ በብየዳ አይድፈኑት። እርጥብ አሸዋ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሲግል እንፋሎቱ ውሸልቱን እንደ ጥይት ይተፋዋል፤ ጫፉ ፊት የሚቆም ሰው አይኑር።

የቅስቱ እግር ቀጭን ወለል ላይ አይረፍ። ከሥሩ ባለ 3 ሚሊ ሳህን፣ ስፋቱ ከ120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያላነሰ (ለምሳሌ 10 በ12 ሴንቲ ሜትር)፣ በእያንዳንዱ እግር ቢያንስ ሦስት 8 ሚሊ ብሎን፣ ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 የተጻፈባቸው ይሁኑ። ከቅስቱ ወደ ኋላ የሚወርዱ ሁለት ደጋፊዎች ከሌሉት ቅስቱ በግንባር ግጭት ጊዜ ወደ ፊት ይተኛል። ያለ ሄልሜት በሚነዳ መኪና ውስጥ ደግሞ ብረቱ ራሱ ጭንቅላት ሊሰብር ስለሚችል፣ ከወንበሩ ላይ ሆነው በጭንቅላት የሚደረስበት ቱቦ ሁሉ በጠንካራ ፎም ይሸፈን። የጣሪያውን ከፍታ የሚወስኑትም በእውነተኛው ወንበር ላይ ከሁላችሁ ረጅሙን አስቀምጣችሁ ነው፤ ከጸጉሩ በላይ 6 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ። ብዙ ዝቅ ያለ ጣሪያ በሥዕል ያምራል፣ በኋላ ግን ነጂው አንገቱን ሰብሮ ነው የሚነዳው።

ላሜራው ሲለብስ ጣሪያው ፍጹም ጠፍጣፋ እንዳይሆን፤ በ1 ሜትር ስፋት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ይጉበጥ። ጠፍጣፋ ላሜራ በነፋስ ይንቦገቦጋል፣ የሐምሌ ዝናብም ይተኛበታል። መያዣ ቅስቶቹ በ40 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይደርደሩ፣ ላሜራውን ግን አይንኩት፣ 3 ሚሊ ክፍተት ትተው በዩሬታን ይሙሉት። ቅስቱ ላይ በነጥብ ከበየዱት እያንዳንዱ ነጥብ ከቀለሙ በኋላ በፀሐይ ላይ ተቆጥሮ ይታያል። በበሩ አናት ላይ አሸንዳ አይርሱ። ስፖርት መኪና አሸንዳ አያምርበትም የሚሉ አሉ፤ ክረምት ላይ በር ሲከፍቱ ውሃው ጭናቸው ላይ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ በሩን ከባለ 0.8 ላሜራ ሠራሁት፤ ስበይደው ማዕበል ሠራ። በ2.5 ኤሌክትሮድ ነው የበየድኩት። በስቱኮ ልሙላው? (ቅዳሜ ገበያ)

መልስ፦ 2.5 ኤሌክትሮድ ለቱቦላሬ ነው፤ ለዚህ ላሜራ እሳቱ ይበዛል። በሲኦቱ ብየዳ (በጋዝ እየተሸፈነ በሽቦ የሚበይደው)፣ በባለ 0.6 ሽቦ ይሥሩት። ካላገኙ ዳሩን 15 ሚሊ ደርበው በሪቪትና በአካል ማጣበቂያ ማያያዝ ከመጥፎ ብየዳ ይሻላል።

ማዕበሉ የመጣው ብየዳው ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ ነው፤ መስመሩ ያጥርና ዙሪያው ያለው ላሜራ መሄጃ ያጣል። በአንድ ትንፋሽ የሚበየድ መስመር ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። በየ25 ሚሊው አንድ ነጥብ፣ አንዱን ከግራ ጫፍ፣ ቀጣዩን ከቀኝ፣ ሌላውን ከመሃል። ነጥቡ በእጅ ሲነካ እስኪበርድ ቆይተው መሃል ለመሃል እየሞሉ ይሂዱ። ነጥቦቹን በግራይንደር ዝቅ ካደረጉ በኋላ ከሥር ለስላሳ ብረት ደግፈው መስመሩን ብቻ በቀስታ በመዶሻ ይምቱ፤ የተሰበሰበው ብረት ይዘረጋል፣ ማዕበሉም አብዛኛው ይሄዳል።

በሌላ በኩል እንደ ቆርቆሮ «ጧ» እያለ የሚገባና የሚወጣ ቦታ ካለ እዚያ ላሜራው ተለጥጧል፣ መምታት ይብስበታል። የትንሽ ሳንቲም ስፋት ያለውን ነጥብ በጋዝ ቀይ እስኪሆን ያግሉ፣ ዙሪያውን ቶሎ ቶሎ መታ መታ ያድርጉ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ያቀዝቅዙት። ነጥቡ ይሰበሰብና ይወጠራል። ስቱኮው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ባልበለጠ ውፍረት ነው። ስቱኮ ውሃ ይጠጣል፤ በውሃ አይፈግፍጉት፣ ሳይቀቡትም ክረምት አያሳልፉት። ሥሩ የሚጀምረው ዝገት በሁለተኛው ዓመት ቀለሙን አንስቶ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የፋይበር ግላስ አካል እየሞከርን ነው። ሬዚኑ ሳይደርቅ በጣት ይጣበቃል፣ የሞከርንበት የነጭ ፎም ሞዴል ደግሞ ቀልጦ ጎደጎደ። (ደባርቅ)

መልስ፦ ሁለቱም የሚታወቁ ናቸው። ፖሊስተር ሬዚን ነጩን ስታይሮፎም ይበላዋል። ሞዴሉን በጀሶ ይሸፍኑ፣ ጀሶው ጨርሶ ከደረቀ በኋላ ቫርኒሽ ቀብተው ይለስልሱ፣ ከዚያ 4 ወይም 5 ጊዜ ሰም ይቀቡ። እርጥብ ጀሶ ላይ የሚፈስ ሬዚን ሥሩ ሳይደርቅ ይቀራል።

የሬዚኑ አለመድረቅ ከብርዱ ነው። ከ18 ዲግሪ በታች ፖሊስተር ይፈዛል፣ ደባርቅ ደግሞ ጠዋትና ማታ ከዚያ በጣም ይወርዳል። ሥራውን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨርሱ፤ ሬዚኑና ሞዴሉ ቀድመው ፀሐይ ይሙቁ። ማጠንከሪያው በ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ነው፤ ብርድ ነው ብሎ ከ20 ማለፍ ሬዚኑን ተሰባሪ ያደርገዋል፣ ከ10 መቀነስ ደግሞ ፈጽሞ አያደርቀውም። በሚዛን እንጂ በክዳን አይለኩ። ማጠንከሪያው ዓይን ያሳውራል፣ መነጽር ይልበሱ። ሬዚኑ ኮባልት (መድረቁን የሚያፋጥነው) ያልተጨመረበት ከሆነ፣ ኮባልቱን መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር አደባልቀው ከጨረሱ በኋላ ነው ማጠንከሪያው የሚገባው። ሁለቱ በቀጥታ ከተገናኙ ይፈነዳሉ፤ በአንድ መደርደሪያም አያስቀምጧቸው።

ለ12 ካሬ ሜትር አካል፣ በካሬ 450 ግራም የሚመዝን የፋይበር ምንጣፍ ሦስት ድርብ ሲሆን ውፍረቱ 3 ሚሊ ገደማ ይመጣል፤ 16 ኪሎ ምንጣፍና 37 ኪሎ ያህል ሬዚን ይፈጃል፣ ለፊቱ ጄልኮት (የውጩ ሽፋን ሬዚን) ሌላ 7 ኪሎ። ፋይበሩ ከብረት አጽሙ ጋር የሚያያዝባቸው ቦታዎች ላይ ድርቡን 5 ያድርሱት። ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ካልሻከረ ማያያዣው በዓመቱ ይላቀቃል።

ጥያቄ፦ በብረት አጽም ላይ አሉሚኒየም ላሜራ ባለብስ ይቀላል ተባልኩ። እውነት ነው? (አራዳ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ክብደቱ የብረቱን አንድ ሦስተኛ ነው፣ ስለዚህ ባለ 1.2 አሉሚኒየም እንኳ ከባለ 0.8 ብረት በግማሽ ይቀላል። ሚላኖ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1926 የተቋቋመው ካሮሴሪያ ቱሪንግ «ሱፐርለጄራ» በሚለው ስልቱ የታወቀው በዚህ ነው፤ ቀጭን የብረት ቱቦ አጽም፣ ላዩ አሉሚኒየም። ችግሩ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። የሚነካኩበት ሁሉ ቀለም ተቀብቶ በመሃሉ ላስቲክ ወይም ወፍራም ቴፕ ይግባ፤ ሪቪቱም አሉሚኒየም ይሁን። ብየዳው ሌላ ሙያ ነው። በአሉሚኒየም ቲግ ብየዳ የሠለጠነ በያጅ በእጅዎ ከሌለ ብረቱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሊብሬውስ? አካሉ ሲለወጥ ችግር ያመጣል? (አዘዞ)

መልስ፦ ከሥራው በኋላ ከሄዱ ያመጣል። ከመቁረጥዎ በፊት ንድፉንና የመኪናውን ፎቶ ይዘው ሊብሬውን ወደሰጠው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ የሚፈቀደውንና የሚመዘገበውን በጽሑፍ ይጠይቁ። የሻንሲ ቁጥሩን አይንኩ። ቮልስ ላይ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሃለኛው ጉብታ ላይ ተመትቷል፤ አዲሱ አካል የሚሸፍነው ከሆነ በሁለት ብሎን የሚፈታ ክዳን ይተዉለት። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ይጠየቃሉ።

ጥያቄ፦ ቮልሴ አካሉ ከተቀየረ ወዲህ ከአዘዞ ወደ ከተማ ስወጣ ሞተሩ ይግላል፣ ዘይቱም ይሸታል። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። (አዘዞ)

መልስ፦ ሞተሩን አይፍቱ፤ አካሉን ይመልከቱ። ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ የአየር መግቢያው። የቮልስ ሞተር የሚበርደው በአየር ነው፤ በድሮው አካል ላይ አየሩ ከኋላ መስታወቱ ሥር ባሉት ክፍተቶች ይገባ ነበር። አዲሱ አካል ላይ የክፍተቶቹ ጠቅላላ ስፋት ከድሮው እንዳያንስ፤ ጎንደር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቢሰፋ ይመረጣል። በሚያምር ወንፊት ከሸፈኑት ወንፊቱ ራሱ ግማሹን ይዘጋል፣ ያንንም አስበው ያስፉት።

ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው፣ ሞተሩን ዙሪያ የሚከበው ላሜራና በጠርዙ ላይ የሚገባው ጎሚኒ ነው። ከላይ ያለውን ንጹሕ አየር ከሥር ካለው የጋለ አየር የሚለየው እሱ ነው። አካል ሲቀየር ላሜራው ስለማይገጥም ብዙዎች ቆርጠው ይጥሉታል፤ ከዚያ ቬንትሌተሩ ከማርሚታው ሥር የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ሞተሩን አስነስተው፣ የኋላ ኮፈኑን ከፍተው፣ የሚጨስ ጨርቅ ወይም ዕጣን በጠርዙ ዙሪያ ያዙሩ። ጭሱ ከሥር ወደ ላይ በሚሳብበት ቦታ ሁሉ ክፍተት አለ። ክፍተቱ በላሜራ ይዘጋ፣ ጠርዙ ጎሚኒ ይግባለት። የነዳጅ ጠብታ ካለ ግን ጭሱን አይሞክሩ፤ መጀመሪያ ቧንቧዎቹን ያጥብቁ። ዘይቱንም አሁን ይቀይሩት፣ 2.5 ሊትር ነው የሚይዘው፤ አንዴ የተቃጠለ ዘይት ክፍተቱ ከተዘጋ በኋላም ሙቀቱን አያወርድም።